ጀልባ ማክረም

«ሸራው ለጣራው ነው!» አለች የአጎቴ ሚስት አንዱን ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣ። «እኔ እዚህ እየበሰበስኩ ሸራ ለብሳ የምትከርመው እሷ ናት?»

«እሷ ካልተሸፈነች ትሰምጣለች» አለ አጎቴ ሌላውን ጫፍ ወደ ራሱ እየሳበ። «አንቺ አትሰምጪም።»

«በምን አወቅህ? ሞክረኸኛል?»

እኔ ደጃፉ ላይ የሬንጅ ጣሳ ይዤ ቆሜ ነበር። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እንዳስታርቃቸው ፈልገው አይደለም፤ የሚሰደብ ሦስተኛ ሰው በማግኘታቸው ነው።

«ምን ይገትርሃል? በዚያ በኩል ያዝ!» አለኝ አጎቴ።

«ንካውና ከዛሬ ጀምሮ እራትህን ከእንቁራሪት ጋር ትበላለህ» አለችኝ እሷ።

አልነካሁትም። አጎቴ አንዴ ወደ ኋላ ለጠጥ ብሎ መነጨቃት፤ እሷ መሬት ላይ ዘጭ አለች። ሸራውን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሲወጣ ለመነሣት እንኳ አልሞከረችም። እዚያው ተቀምጣ የተሰበረ ጥፍሯን እያየች ሳቀች።

«ኖኅ!» ብላ ጮኸችበት። «እንስሶቹን ስትሰበስብ ለእኔም አንድ ወንድ ያዝልኝ! አህያም ቢሆን ግድ የለኝም!»

ጊዜው የግንቦት መጨረሻ ነበር። በኮልፌ ቀራንዮ ሰው ሁሉ ለክረምት የሚያደርገውን እያደረገ ነው፤ ቆርቆሮ ይደፍናል፣ ቦይ ይቆፍራል፣ እንጨት ይሸፍናል። ጀልባ የሚያከርም ሰው ግን አጎቴ ብቻ ነበር።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው። ዕድሜውን በቀይ ባሕር ወደብ ጀልባ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ከዚያ የሚመጣ ሰው ሬድዮ ይዞ ይመጣል፣ ጨርቅ ይዞ ይመጣል። እሱ ወደቡ የጣላትን አሮጌ የእንጨት ጀልባ፣ ወዳጁ በሆነ ሾፌር ከባድ መኪና ላይ፣ ከጨው ጆንያ በላይ አስጭኖ መጣ። መሀሏ ላይ ትንሽ ክፍል አላት፤ አንድ ሰው እግሩን አጥፎ የሚተኛበት አግዳሚ፣ ባለ መስታወት መስኮት፣ ቁልፍ ያለው በር። እንደ መኪና ቆጥረን ሁላችንም ጋቢና እንለው ነበር።

ያስቀመጣት ከመድኃኔዓለም ወረድ ብሎ ባለ የተተወ የድንጋይ ካባ ውስጥ ነው። ድንጋይ ሲያወጡ ምንጭ ነክተው ኖሮ ካባው በጋ ከክረምት ውሃ አያጣም። ሴቶች ልብስ ያጥቡበታል፣ ልጆች ይዋኙበታል፣ የሞተ ውሻም ይጣልበታል። ከዳር እስከ ዳር በጀልባዋ ቢሄዱ የለኮሱት ሲጋራ ሳያልቅ ይደረሳል። ሞተሩን አስነሥቶ አንዴ ይሄዳል፣ ዞሮ ይመለሳል፣ ያጠፋዋል። ለዚህ ነበር ያን ሁሉ አገር አቋርጣ የመጣችው።

ከውሃው የማያወጣት ስለ ሁለት ነገር ነው። እንጨቷ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ቀበሌው ነው።

ትርፍ ቤት ከተወረሰ ጥቂት ዓመታት ቢያልፉም የቀበሌው ሰዎች ሳይቆጠር የቀረ ጎጆ ፍለጋ አልደከሙም ነበር። ሊቀመንበሩ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከአብዮቱ በፊት አየር ጤና መንገድ ዳር የብስክሌት ጎማ ይለጥፍ ነበር። በዚያው ወር መጀመሪያ ቀይ ቀለምና ብሩሽ ይዞ በየቤቱ በር ላይ ቁጥር ሲጽፍ ሰንብቶ ካባው ጋ ደረሰ። እኔና አጎቴ ጀልባዋ ላይ ነበርን። ዳር ላይ ቆሞ ብዙ ጊዜ አያት።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ጀልባ።»

«ጣራ አለው።»

«ዣንጥላም ጣራ አለው።»

«በር አለው፣ ቁልፍ አለው። መስኮቱ እንዲያውም መስታወት ነው፤ የእኔ ቤት መስኮት እንኳ ጣውላ ነው።»

«እንግዲህ ቤት ነው ካልክ ናና ቁጥርህን ጻፍበት» አለ አጎቴ፣ እጁን እየዘረጋለት።

ሊቀመንበሩ አንድ እግሩን ጠርዟ ላይ አሳረፈ። አጎቴ በዚያው ቅጽበት ወደዚያ ማዶ ሁለት እርምጃ ሄደ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም አላደረገም። ጀልባዋ ተንጋለለች፣ ሊቀመንበሩ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገባ፣ ቀለሙ ተደፋ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ነጠላቸውን ከቀዩ ውሃ ለማዳን ሲሯሯጡ ልጆቹ «ኖኅ! ኖኅ!» እያሉ አጨበጨቡ። እኔም ሳቅሁ። ሊቀመንበሩ የሳቀውን ሁሉ አንድ በአንድ አየ።

ከወጣ በኋላ ሱሪውን እየጨመቀ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። «ይስሙኝ ጋሼ። የሚታደርበት ነገር ቤት ነው። የማይታደርበት ዕቃ ነው። አንድ ሰው እዚህ ውስጥ አደረ ሲባል ከሰማሁ ግን ሁለተኛ ቤት ያዙ ማለት ነው። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ነው የሚለው።»

ቤቱ ደግሞ፣ የአጎቴ ሚስት የምትኖርበት ማለቴ ነው፣ የእሷ ሥራ ነው። አጎቴ በዓመት አንዴ ብቅ እያለ በሚመለስበት ዘመን ጭቃውን በእግሯ ረግጣ፣ ግድግዳውን መርጋ፣ አናጢውን እየጨቀጨቀች ያቆመችው እሷ ነች። ስሙ ግን የአጎቴ ነው። ባል ላላት ሴት በስሟ ማድረግ ነውር ይመስላት ነበር፤ ሰው ፈት ይለኛል ብላ።

እኔ ትምህርቴን አቋርጬ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ፣ ገጣሚ ነኝ ብዬ የማምን ጎረምሳ ነበርኩ። ሥራ የለኝም። የምተኛው ፊት ለፊት ክፍላቸው ውስጥ፣ ጣራው የማያፈስበት ጥግ ነው። ጀልባዋን ማክረም የቤት ኪራዬ ነበር ማለት ይቻላል።

ሸራውን ከወሰደ በማግስቱ ሥራ ጀመርን። ጥልቀት በሌለው ዳር ስበን፣ በገመድና በድንጋይ በአንድ ጎኗ አጋደምናት። ሆዷ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር በአሮጌ ዶማ ፋቅሁ። በጣውላዎቹ መገጣጠሚያ ቃጫ በካቻቢቴ እየጠቀጠቅን፣ በላዩ ትኩስ ሬንጅ እናፈሳለን። ሬንጁ እጄ ላይ ሲንጠባጠብ ቆዳዬን ይዞ ነው የሚላቀቀው። አጎቴ ይህን ሲያይ ደስ ይለው እንደነበር እምላለሁ።

«እንደ ግጥምህ አትድፋው!» ይለኛል። «ክፍተቱን ብቻ ሙላ። አንተ ክፍተት በሌለበት ነው የምትሞላው።»

አንድ ጎን ስንጨርስ ገልብጠን በሌላው። ሞተሩ ውስጥ የቀረውን ውሃ አፈሰሰው፣ የሚዛግ የመሰለውን ሁሉ ግራሶ ቀባው፣ ባትሪውን ፈታና ተሸክሞ ወስዶ የሚስቱ አልጋ ሥር አስቀመጠው። በሳምንቱ የባትሪው አሲድ እዚያ የተጣጠፈ ነጠላዋን በላው። ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ልትለብስ ስትዘረጋው በቀዳዳው በኩል ፊታችንን አየችን።

«መተንፈሻ ወጣለት» አለ አጎቴ ሻዩን ሳያስቀምጥ።

ነጠላውን አጣጥፋ አስቀመጠች። ዝም ስትል አይቻት ስለማላውቅ ነው የማስታውሰው።

የመጨረሻው ሥራ የጭስ ማውጫውን መድፈን ነበር፤ ዝናብ በዚያ ገብቶ ሞተሩን እንዳያበላሽ። ጨርቅ አጣን። አጎቴ ወደ ኮቴ ኪስ እጁን ሰደደ፣ የሲጋራ ፓኮ ገልብጬ የጻፍኩባቸውን ግጥሞች አወጣ፣ አንዱን ከፍ አድርጎ አነበበ። ስለ ጨረቃ ነበር። ማንበቡን ሳይጨርስ ጠቅልሎ ቱቦው ውስጥ ወተፈው፤ ሌሎቹንም በላዩ።

«ጋሼ፣ እነሱ ሌላ ቅጂ የላቸውም!»

«እግዜር ይመስገን» አለ፣ በአውራ ጣቱ እየጠቀጠቀ። «ዛሬ ለአንድ ነገር ጠቀሙ።»

ሊያወጣልኝ ስላልፈለገ እኔ ላወጣ ብሞክር ሬንጅ አፈሰሰበት።

ከዚያ ገመዶቹን አሰርኩ። ተናድጄ ስለነበር አጥብቄ፣ እንዳትነቃነቅ አድርጌ ነው ከድንጋዮቹ ጋር ያሰርኳት። መጥቶ በጣቱ ገመዱን መታ መታ አደረገውና ቢላዋ አውጥቶ ቆረጠው።

«ውሃው ሲነሣ እሷ በምን ትነሣ? አንቀህ ልታስቀራት ነው? ክረምት ሲመጣ ገመድ ይላላል። ጠፍሮ የሚይዝ ሰው ነው ጀልባ የሚያሰምጠው።»

ሸራውን ከላይ ዘረጋን፣ በጠርዟ ዙሪያ ጠፈርነው። ከዳር ሆነን ስናያት ሬሳ ትመስል ነበር። ይህን ነገርኩት።

«ለዚህ ነው ግጥምህ የማያስደስተው» አለኝ።

ሰኔ ገባ። የመጀመሪያው ዝናብ በረዶ ቀላቅሎ ነው የወረደው። ካባው ከየአቅጣጫው ጎርፍ ጠጣ፤ ቆሻሻውም፣ የሰው ጫማውም፣ የአጥር ቁራጩም እዚያ ገባ። ጀልባዋ ተነሣች፣ ገመዱ ልክ ነበር። ግን ሸራው አንድ በኩል ተበሳ፣ እኔ የደፈንኩት ጎንም ማንጠባጠብ ጀመረ። ውሃ እየቀዳ የሚደፋ ሰው ካላደረባት አትከርምም።

አጎቴ ባልዲ ይዞ ሄደ። ጎህ ሲቀድ እስከ ጉልበቱ ርሶ መጣ።

«የት አመሸህ?» አለችው ሚስቱ።

«ጀልባዋ ጋ አመሸሁ።»

በማግስቱም እንዲሁ። ዶሮ ከጮኸ በኋላ እየገባ «አመሸሁ» ይላል፤ እሷም ቁርሱን እያቀረበች «አመሸህ» ትለዋለች። እኔም ጎረቤት ሲጠይቀኝ «ጋሼ ትንሽ አምሽቶ ነው» እል ነበር። ያችን ሌላዋን ቃል ከሦስታችን አፍ የሰማ አልነበረም። ቤት ውስጥ ስንሆን እንኳ፣ በር ዘግተን፣ አንላትም። ጀልባዋ ዕቃ ሆና የከረመችው በሸራውና በሬንጁ ሳይሆን በዚህ ነው።

ቤቱ ግን አልከረመም። ጣራው ሸራ ስላላገኘ ከአልጋዋ በላይ ያለው ቆርቆሮ ያፈስ ጀመር። ድስት፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ የቡና ጀበና ሳይቀር ተደረደረ። ውሃው በግድግዳው ውስጥ እየወረደ ጭቃውን አሳበጠው። እሷ አልጋዋን ትገፋለች፣ ጠብታው ይከተላታል። አጎቴ ያያል፤ ባልዲውን አንሥቶ ይወጣል። አንድ ቀን ከበሩ ሲደርስ «ያንን ባልዲ እዚህ ተወው» አለችው። «እዚያ ነው የሚያስፈልገው» አላት። ቤት ውስጥ ሌላ ባልዲ አልነበረም።

አንድ ጠዋት ከአልጋዋ ራስጌ ያለው ግድግዳ ወረደ። ድምፅ እንኳ አልነበረውም፤ እንደ ደከመው ሰው ቁጭ አለ። በሽቦና በጭራሮው መሀል የጎረቤት ጎመን ይታያል። እሷ ፀጉሯ ጭቃ እንደሆነ፣ ጭቃውን በእጇ እየዛቀች ወደ ውጭ ትጥላለች። እኔ ማዳበሪያ ጆንያ በክፍተቱ ላይ ልመታ ምስማር እፈልጋለሁ። በዚህ መሀል አጎቴ ከካባው ርሶ ገባ፤ በሩን ሳይዘጋ ከኋላው ሊቀመንበሩ ገባ፤ የመጣው የደቦ ቦይ ቁፋሮ መኖሩን ሊናገር ነበር። ኮፍያውን አውልቆ ውሃውን አራገፈ።

«እንዴት አደሩ ጋሼ?» አለ።

ሰላምታ ነው። በከተማው ሁሉ በዚያ ሰዓት ሰው የሚባባለው ነው። አጎቴ አፉን ሊከፍት ሲል ሚስቱ ከጭቃው ላይ ቀና አለች።

«እሱን ጀልባዋን ጠይቃት» አለችው። «እሷ ጋ ነው ያደረው።»

እኔ ምስማሩን ጣልኩት። ሊቀመንበሩ ኮፍያውን በዝግታ መልሶ አደረገ።

«ምን አሉ እትዬ?»

«አማርኛ ነው የተናገርኩት። አደረ። ትናንትም አደረ። ዝናቡ ከጀመረ ጀምሮ እዚያ ነው የሚያድረው። ሂድና ቁጥርህን ጻፍባት። ከፈለጋችሁ ፈልጣችሁ አንድዷት!»

ደስ ብሏት ነበር። ፊቷ ላይ ያየሁት ሌላ ነገር አልነበረም። አጎቴን አየችው፤ ያን ነጠላ የዘረጋች ቀን ያላለችውን ሁሉ አሁን ያለች መሰላት።

ሊቀመንበሩ አግዳሚው ላይ ሳይጋበዝ ተቀመጠ። «እንግዲህ ጀልባዋ ቤት ሆነች ማለት ነው። ሁለት ቤት። ቤተሰቡ አንድ። አንዱ የሕዝብ ይሆናል።» ያን ቀይ ውሃ እያሰበ እንደነበር ፊቱ ይናገራል። «የትኛው እንደሚቀርላቸው ግን የሚመርጡት ባለቤቱ ናቸው። መብታቸው ነው።»

«ምን ይመረጣል?» አለች የአጎቴ ሚስት፣ ፈገግታዋ ገና አልጠፋም። «ሰው እንጨት ይመርጣል?»

«ጋሼ ይናገሩ።»

አጎቴ ባልዲውን መሬት አስቀመጠ። ጣራውን አየ። ድስቶቹን አየ። የወረደውን ግድግዳና በዚያ በኩል የሚታየውን ጎመን አየ። ሚስቱን መጨረሻ ላይ ነው ያያት፤ ዓይኑንም ቶሎ ከእሷ ላይ አላነሣም። የእሷ ፈገግታ ከአንድ ጎን እየጀመረ ሲፈርስ አየሁ።

«ንገረው እንጂ! አፍህንም ቀበሌ ወረሰው?»

«ቤቱን ውሰዱት» አለ አጎቴ።

ሊቀመንበሩ ከአግዳሚው ብድግ አለ። ሊያሳቅቀው እንጂ ይህን ሊሰማ አልመጣም ነበር። «ጋሼ፣ ቀልድ አይደለም። አሁን ካሉት ወዲያ መመለስ የለም። እትዬ የቀበሌ ተከራይ ይሆናሉ ማለት ነው።»

«ይሁኑ። ተከራይ ጣራ ሲያፈስባት ቀበሌውን ትጨቀጭቃለች። እኔ ልረፍ።»

«ይህን ቤት የረገጥኩት በዚህ እግሬ ነው» አለች። የተናገረችው ለባሏ አልነበረም፤ ለሊቀመንበሩ ነው። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጭቃ የያዘ እግሯን አሳየችው፣ እንደ ማስረጃ። «አንተ ታውቃለህ። ልጅ ሆነህ ውሃ ታቀብለኝ ነበር። እሱ የት ነበር ያን ጊዜ? ንገረኝ፣ የት ነበር?»

«አውቃለሁ እትዬ።» መሬት መሬት ያያል። «በማን ስም ነው ያለው?»

እግሯን መልሳ ሸፈነችው።

አጎቴ ከሳጥኑ ካፖርቱን አወጣ፣ ፋኖሱን ከምስማር ላይ አነሣ፣ ከአልጋው ሥር ባትሪውን ጎትቶ አየውና መልሶ ገፋው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ እሷን እንደ ዕቃ እየዞራት ነው። ባልዲውን ሲያነሣ ብቻ ተናገረች።

«ሂድ» አለችው። «ሂድና እደር። ውሃው ሲሞላባት ግን ጮኸህ ሰው እንዳትቀሰቅስ።»

«አንቺን? አንቺ ጎረቤት እየሰደብሽ መቼ ትሰሚኛለሽ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ገጣሚው፣ ትመጣለህ? ሁለት ሰው ቢቀዳ ትከርማለች። ለአንድ ሰው ይከብዳል።»

እጄን አየሁት፤ ሬንጁ ገና ከጥፍሬ ሥር አልወጣም። ጥጌን አየሁት፤ ቤት ውስጥ ደረቅ የቀረው እሱ ብቻ ነበር።

«ጋቢናው ለአንድ ሰው ነው» አልኩት።

አንገቱን ነቀነቀ፤ ልክ ነህ እንደማለት ይመስል ነበር። ዝናቡ እየበረታ ነው። ካፖርቱን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ወጣ፤ ባልዲው ከጉልበቱ ጋር እየተጋጨ ሲንቋቋ እስከ አጥሩ ድረስ ተሰማን። ሊቀመንበሩ ሊከተለው ፈለገ፣ አልፈለገም፤ መሀል ላይ ቆመ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ የአጎቴ ሚስት። ጭቃ መዛቅ ጀምራ ነበር፤ ቀና አላለችም። «ዝጋው፣ ውሃ እየገባ ነው።»

በሩ በእርጥበት አብጦ አልገጥም አለኝ። በትከሻዬ ገፋሁት፤ ተዘጋ።